ፋን የሌለው ኮምፒውተር

ሰኞ፣ ጥቅምት 4። ከጠዋቱ 3፡20

አሁንም አለ። ዝዝዝ... ምዕ. 1ን ለአራተኛ ጊዜ ቀዳሁ። ሄድፎን አድርጌ ስሰማው ያ ድምፅ ከድምፄ ሥር ተነጥፏል። እኔ ዝም በምልበት ቦታ ሁሉ እሱ ይናገራል።

ማስታወሻዬ፣ ዕቃ ቤቷን ስቱዲዮ ካደረግኳት ወዲህ የምነግርሽ ሁሉ ስለ ድምፅ ሆነ። ግድግዳው ላይ ስፖንጅ አለ፣ በሩ ላይ ሁለት ብርድ ልብስ አለ። የውጭውን ጫጫታ ጠብቆ ማሳለፍ ይቻላል። አውሮፕላኑ ያልፋል። ቁራሌው ጮሆ ጮሆ ይሄዳል። እዚህ ጉርድ ሾላ ከኮንዶሚኒየማችን ጀርባ ፎቅ የሚሠሩት ሰዎችም ለምሳ ሚክሰራቸውን ያቆማሉ። ኮምፒውተሩ ግን እግሬ ሥር ተቀምጦ ያናፋል። ት/ቤት ሳስተምር ፈተና የማወጣበት ዴስክቶፕ ነው። ያኔ ድምፅ እንዳለውም ልብ አላልኩም።

መጻሕፍትን በድምፅ የሚያወጣው የትረካ ድርጅት አዘጋጅ ብሩክ ቅጂውን ሁለት ጊዜ መለሰብኝ። ድምፅሽ ግሩም ነው፣ ጀርባው ግን አይጠራም አለ። እስከ ወሩ መጨረሻ ሦስት ንጹሕ ምዕራፍ ካላገኙ መጽሐፉን ለሌላ አንባቢ ይሰጣሉ። በትሕትና ነው የነገረኝ። ትሕትናው ነው ያስፈራኝ።

አሥራ አንድ ዓመት አማርኛ አስተምሬ ሥራ የለቀቅኩት ለዚህ ነው። ለአባባም ነው። ኮምቦልቻ ወፍጮ ቤት ዕድሜያቸውን ፈጁ፤ ዱቄቱ ሳንባቸውን በላው። አሁን ከግድግዳዬ ማዶ፣ ክፍላቸው ውስጥ፣ የኦክስጅን ማሽኑን ቱቦ አፍንጫቸው ላይ አድርገው ይውላሉ። ዶ/ሩ ለምግብ፣ ለመታጠብና ለሶላት ካልሆነ አይነቀል ብሏል። ቤት መዋል አለብኝ። ቤት ውስጥ ያለኝ ሥራ ደግሞ ይሄ ብቻ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ዴስክቶፑን በአሮጌ አንሶላ ጠቅልዬ ቦሌ መድኃኔዓለም ወሰድኩት። ወ/ሮ ለተብርሃን አባባ ጋ ተቀመጡልኝ። ከሥራችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩት፣ መጋረጃ የሚሸጡት ሴትዮ ናቸው። ሱቃቸውን ዘግይተው ከፈቱልኝ። አፈርኩ።

ጠጋኙ ሀፍቶም ይባላል። ሲያወራ ይቸኩላል፣ ሲሰማ አይቸኩልም። የኮምፒውተሩን ጎን ከፈተ። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየነው። ፋኑ ላይ የተጋገረው አቧራ ተገፎ የሚነሣ ይመስላል። ነፋው፣ ጠረገው፣ ፕሮሰሰሩ ላይ አዲስ ቅባት ቀባ። ከዚያ ሳይደብቅ ነገረኝ፦ ይሄ ለጊዜው ነው፤ ፋን እስካለው ሲሞቅ ይጮኻል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7። ከቀኑ 8፡00

አንድ ቀን ተኩል። ከዚያ በላይ አልቆየም። ዛሬ ሃያኛው ገጽ ላይ ስደርስ ሞቀና ጀመረ። አጥፍቼ አቀዘቅዘዋለሁ። አሥር ደቂቃ አነባለሁ። እንደገና አጠፋለሁ። የዚህች የመጽሐፉ ባለታሪክ ሐዘን በአሥር በአሥር ደቂቃ ይቆራረጣል።

ተቀምጬ መብላት አቃተኝ። ስለ ፀጥተኛ ኮምፒውተር ያልሰማሁት ምክር የለም። አንዱ ትልቅ ፋን ግዢ ይላል፣ አንዱ ፋን የሚባል አትንኪ ይላል። አንዱ ኮምፒውተሩን ሌላ ክፍል አድርጊና ገመዱን በግድግዳ አሳልፊ ይላል። ግድግዳው ኮንክሪት ነው። አከራዬ ደግሞ ሚስማር ስመታ እንኳ ይደውላሉ።

አባባ ምን ሆነሽ ትቁነጠነጫለሽ አሉኝ። ምንም አልኳቸው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ሱቅ ውስጥ ኮምፒውተር በጆሮ መምረጥ አይቻልም። ሙዚቃው፣ ደንበኛው፣ ጄኔሬተሩ። ሀፍቶም ወደ ኋላ ያለችው መጋዘን አስገባኝና በሩን ዘጋ። ማንም እንዳያንኳኳም ተናገረ። ማይኬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። ሦስት ማሽን በተራ ሰማን።

መጀመሪያ ትልቅ ዴስክቶፕ። ፋኖቹ ሰፋፊ ናቸው፣ ቀስ ብለው ይዞራሉ። እንደተኛ ሰው ይተነፍሳል። ከራቀ አይሰማም። ግን ዕቃ ቤቴ ውስጥ ምን ይርቃል? ክንዴን ብዘረጋ ሁለቱንም ግድግዳ እነካለሁ።

ቀጥሎ የሶፍት ካርቶን የምታክል ትንሽዬ ሳጥን። ወደድኳት። የመጀመሪያውን ደቂቃ ጭጭ አለች። መቅዳት ስጀምር ግን ቀጭን ፉጨት መጣ፣ ትንኝ ጆሮ ሥር ጢዝ ስትል እንደሚሰማው። ሀፍቶም አልሰማውም። ሄድፎኑን ሰጠሁት። ሳቀና ይቅርብሽ አለ።

በመጨረሻ ስስ ላፕቶፕ። ያገለገለ ነው፤ አንዷ ቁልፍ ገብታ ቀርታለች። ፋን ጭራሽ የለውም። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ምንም። ማይኩን ከላዩ አደረግኩ። ምንም። ሀፍቶም ጉድለቱንም አልሸሸገም፦ ከሞቀ ይንቀራፈፋል፤ ለቪዲዮ አይሆንም፤ ለድምፅ ብቻ ከሆነ ይበቃሻል።

ሳልገዛ ወጣሁ። ለምን? ታክሲ ውስጥ ራሴን ጠየቅኩ። ይሄንን ገዝቼም ካልሆነልኝ ከዚያ በኋላ የማሳብበው ነገር አይኖርም። እሱ ነው የፈራሁት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11። ረፋድ

ተመልሼ ሄድኩ። ትልቁን እንደገና ልስማው አልኩ። ሰማሁት። ላፕቶፑንም እንደገና። ትልቁን ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ ስጠይቅ ሀፍቶም እጁን አጣጥፎ አየኝ።

«እህቴ፣ ኮምፒውተር ነው የምትመርጪው ወይስ ባል?»

«ባል ቢሆንማ ገና ድሮ መርጬ ነበር» አልኩት።

ላፕቶፑን ወሰድኩ። ዴስክቶፔን እዚያው ተውኩለት። ስወጣ ዞሬ አላየሁትም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13። ከጠዋቱ 4፡00

አለ።

አዲሱ ላፕቶፕ ላይ፣ ፋን በሌለው ላይ፣ አለ! ቀጭን ሆኗል፣ ወርዷል፣ ግን አለ። በፊት ከፋኑ ጩኸት ሥር ተደብቆ የነበረ ሌላ ድምፅ ነው። ፍሪጁን ነቀልኩ። አለ። ስልኬን አጠፋሁ። አለ። ላፕቶፑን በቻርጅ ሳይሆን በባትሪው አደረግኩ። አለ።

ሄድፎኑን እንዳደረግኩ፣ ላፕቶፑን ታቅፌ፣ ማይኩን እንደ ፋኖስ ወደፊት ይዤ ቤቱን ዞርኩ። ሳሎን ቀነሰ። ኩሽና ጠፋ። ኮሪደሩ ላይ ጨመረ። አባባ በር ላይ ስደርስ ጆሮዬን ሞላው።

በሩ ክፍት ነበር። አልጋው ላይ ተደግፈው ቁጭ ብለዋል፣ ቱቦው አፍንጫቸው ላይ፣ ማሽኑ ከአጠገባቸው። እኔን አዩኝ። ማይኩን አዩት። ከዚያ ማሽኑን አዩት።

«ምንድን ነው የያዝሽው?»

«ኧረ ምንም፣ አባባ። እየሞከርኩ ነው።»

ወፍጮው የቱ ጋ እንደተበላሸ በድምፁ ብቻ ያውቁ የነበሩ ሰው ናቸው። እኔም እንግዲህ የሳቸው ልጅ ነኝ፤ ማስመሰል አልችልበትም። ፊቴ ላይ አንብበውታል።

ከሰዓት። ሁለት ሳምንት ኮምፒውተር ስረግም ከረምኩ። ያንን ማሽን በየቀኑ እሰማዋለሁ እኮ! ለምጄው ድምፅ መሆኑን ረሳሁት። አሁን ምን ይደረጋል? እሱን ያጥፉ ይባላል? አይባልም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ወ/ሮ ለተብርሃን አሮጌ ወፍራም መጋረጃ ሰጡኝ። በእኔና በአባባ መሀል ያለው ግድግዳ ላይ በሦስት ድርብ ሰቀልኩት። ማሽኑንም ከግድግዳው አራቅኩት፤ ከሥሩ የታጠፈ ምንጣፍ አነጠፍኩለት። አባባ ስለፋ ያዩኛል። እንዳይከፋሽ፣ ይሄ ማሽን ጩኸታም ነው አሉ። እኔ እኮ አልሰማውም አልኩ። ውሸቴን ነው፤ ያውም ዓይን ያወጣ ውሸት!

ሰኞ፣ ጥቅምት 18። ከቀኑ 8፡15

ማስታወሻዬ፣ ጠራ!

ምዕ. 3። ሰባ ደቂቃ ያለማቋረጥ አነበብኩ። ስጨርስ ሄድፎኑን አድርጌ የመጀመሪያውን ዝምታ ጠበቅኩ። ምንም የለም። ባዶ። የራሴ ምራቅ ሲዋጥ ይሰማል። መጋረጃው ነው! ላለቅስ ትንሽ ቀረኝ። በመጽሐፉ ሴትዮዋ ልጇን የምትሸኝበት ቦታ ላይ ድምፄ ራሱ ወረደ፤ እንዲያ አንብቤ አላውቅም።

ላክሁት። ብሩክ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደወለ። ይሄ ነው፣ ይሄ ነው አለኝ፤ ሁለቱን የቀሩትን እንዲሁ አድርጊያቸው፣ መጽሐፉ ያንቺ ነው።

ለአባባ ስነግራቸው ፈገግ አሉ። ደከም ያሉ መሰሉኝ። ምሳ ብዙ አልበሉም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ኮሪደሩ ላይ፣ አባባ በር ፊት ተቀምጬ ነው የምጽፈው።

ጠዋት ምዕ. 1ን ጀመርኩ። እንደ ትናንቱ ንጹሕ። ግማሽ ሰዓት ያህል እንዳነበብኩ ጉሮሮዬ ደረቀ፤ ውሃ ልጠጣ ወጣሁ። ቤቱ ፀጥ ብሏል። ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ፀጥታው ልክ አልነበረም።

አባባ አልጋው ጠርዝ ላይ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደፊት አጎንብሰዋል። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ትከሻቸው ነው የሚተነፍሰው። የማሽኑ ሶኬት ተነቅሎ ወለሉ ላይ ነው።

ሰካሁት። ቱቦውን አፍንጫቸው ላይ አደረግኩ። ጮህኩ መሰለኝ፣ ወ/ሮ ለተብርሃን በባዶ እግራቸው ሮጠው ወጡ። ዶ/ሩ ጋ ደወልን። ጣታቸው ላይ የኦክስጅን መለኪያውን አድርጉና ቁጥሩን ንገሩኝ አለ። ቁጥሩ ቀስ እያለ ከፍ አለ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከንፈራቸው ወደ መልኩ ተመለሰ። ዶ/ሩ ከእንግዲህ ለአፍታም እንዳይደገም ብሎ ተቆጣ። እኔን ነው የተቆጣው። ልክ ነው።

መናገር ሲችሉ ጠየቅኳቸው።

«ምን ማድረግዎ ነው አንቱ? ራስዎን ሊገድሉ ነው?»

«ትናንትስ ምን ሆንኩ? ትናንትም አጥፍቼው ነበር።»

ትናንት። ሰባ ደቂቃ። ድምፁን ያጠራው መጋረጃው አልነበረም።

ለብሩክ እነግረዋለሁ፣ ያንን ምዕራፍ ያጥፋው፣ አልፈልገውም አልኳቸው። እንዲህ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። ትንፋሽ ሳይኖራቸው ተቆጡ።

«ትንፋሼን የከፈልኩበትን ትጥይዋለሽ?»

ወጣሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ቀኑን ሙሉ አልተነጋገርንም። ምሳ አቀረብኩ፣ በሉ፣ አልሐምዱሊላህ አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በየአሥር ደቂቃው በሩ ላይ እሄዳለሁ። ማሽኑ ይሠራል። እመለሳለሁ። እንደገና እሄዳለሁ። አንዲት ቃል አልቀዳሁም። መጽሐፉ ይቅርብኝ ብዬ ለብሩክ ጻፍኩና ሳልልከው አጠፋሁት።

ወ/ሮ ለተብርሃን ወደ ሱቃቸው ሲሄዱ አንኳኩ። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። የቤታቸውን ቁልፍ ከቦርሳቸው አውጥተው እጄ ላይ አደረጉት። የኋላ ክፍላቸው እስከ ጣሪያው በመጋረጃ ጥቅልል የተሞላ ነው፣ እስከ ማታ ደግሞ ሰው የለም። «ኮምፒውተርሽ እንደ መጽሐፍ ብብት ውስጥ ይያዝ የለ? ወርደሽ እዚያ አንብቢ» አሉ። አባባን ትቼ እንዴት አልኳቸው። አንድ ፎቅ እኮ ነው፣ አገር አቋርጠሽ አትሄጂ፤ ግማሽ ግማሽ ሰዓት አንብበሽ ውጪ፣ ስልክሽን ፊትሽ አድርጊው። ይሄን ሁሉ ደረጃው ላይ ቆመው ተናገሩና ወረዱ።

ወርጄ ሞከርኩት። በባትሪ። ጥቅልሎቹ መሀል። ከማይኩ ወዲያ ዓለም የለም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21። ከጠዋቱ 2፡40

ቁርስ ላይ አባባ ተናገሩ። ምንም እንዳልተፈጠረ፣ እንጀራውን እየቆረሱ።

«ሴትዮዋ ልጇን ስትሸኝ "ደህና ሁን" የምትለው ላይ ቸኩለሻል።»

ያ ያለው ምዕ. 3 ላይ ነው። እንዴት አወቁ አልኳቸው። ማሽኑ ሲሠራ ድምፅሽ አይሰማኝም፤ ሲጠፋ ግን ከግድግዳው ማዶ ቁልጭ ብሎ ይሰማል አሉ። እስከ መጨረሻው አዳመጥኩሽ። ስትጨርሺ መልሼ ሰካሁት።

የቆረሱትን ጎረሱ። ከዚያ፣ ይደገም ካልሽ እንግዲህ እሱን አስተካክለሽ ድገሚው አሉ። ስትጨርሺ ደግሞ አምጥተሽ በዚያ ጆሮ ላይ በሚደረገው ታሰሚኛለሽ። ማሽኑ እየሠራ።

ተወስኗል። ከዛሬ ጀምሮ ታች ነው የማነበው፣ በየግማሽ ሰዓቱ ወደ ላይ እየወጣሁ። ምዕ. 3ንም እንደገና።

ለብሩክ ጻፍኩለት፦ ሰኞ የላክሁልህን ሰርዘው፣ ሌላ አነባለሁ። ወዲያው መለሰ። ግራ ገብቶታል። እሱ እኮ ምንም ችግር የለበትም፣ አንድም ድምፅ የለበትም አለ።

አውቃለሁ አልኩት። አንድም ድምፅ የለበትም።

ሁለት ሰዓት ከአምሳ። ላፕቶፑ፣ ማይኩ፣ ቁልፉ። ወረድኩ።