እሳት የጫርኩበት ሰፈር

አካሌ፣

ያላንተ ሁለት ፋሲካ ፈሰክሁ። ለሙት ዓመትህ ቢቸና ስመጣ መቃብርህ ላይ ያኖርነው ድንጋይ ሽበት የመሰለ ነገር አብቅሎ አገኘሁት፤ ከኔ ቀድሞ አረጀ ብዬ ሳቅሁ። ሰዎቹ ግን አበደች ሳይሉኝ አልቀሩም።

ይህን የምጽፍልህ ላለቅስ አይደለም። አልቅሼ ጨርሻለሁ ብዬ አልዋሽህም፤ ግን ዛሬ የመጣሁት ልፎክር ነው። ቤት ገዛሁ! ሞጣ ላይ፣ በገዛ ስሜ። የፊደል ግድፈት ብታገኝ ራስህን ውቀስ። ያስቆጠርከኝ አንተ ነህ፤ ከመጋዘን ስትመለስ ደክሞህ እያንቀላፋህ ስላስተማርከኝ ግማሹን በእንቅልፍህ ነው የነገርከኝ።

ቤት ስል መጀመሪያ ትዝ የሚልህ የድሬዳዋው እንደሚሆን አውቃለሁ። ምድር ባቡሩ መጋዘን ጠባቂ አድርጎህ፣ እኔም የእግር መኪናዬን ገዝቼ መስፋት ጀምሬ፣ እጃችን ላይ ትንሽ ሲጠራቀም ያየነው ቤት። ሰማያዊ በር ነበረው። ግቢው ውስጥ ኒም ዛፍ ነበር፤ በዚያ ዶሮ እንኳ አፏን ከፍታ በምታለከልክበት ሐሩር ያን ጥላ ስናይ ልባችን ቅልጥ አለ። ሰፈሩ አሸዋው ወንዝ ዳር ነው። ወንዝ ይሉታል እንጂ ጠብታ የለበትም፤ ግመል ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይራገጡበታል። ማንንም አልጠየቅንም። የማንንም ደጅ አላንኳኳንም። ሁለት ደጋ ያበቀለን ብልጦች፣ ውሃ የሌለበት ወንዝ ምን ያደርገናል ብለን ገዛን።

አንድ ከሰዓት፣ እኛ ዘንድ ፀሐይዋ እንደነደደች፣ ተራራው ላይ የጣለው ዝናብ ድንገት መጣ። ግድግዳውን ወሰደ፤ በሩን ከነሰማያዊ ቀለሙ ወሰደ። አንተ የልብስ መኪናዬን በትከሻህ ተሸክመህ ዳገቱ ላይ አወጣሃት፤ ሌላ የተረፈን ነገር የለም። በማግስቱ ከማዶ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ መጥተው ያ መስመር ውሃው የሚመለስበት መሆኑን አገር ሁሉ እንደሚያውቅ ነገሩን። ታዲያ ለምን አልነገራችሁንም ብትላቸው፣ መች ጠየቃችሁን አሉህ። ጭቃው ላይ ቁጭ ብለህ የሳቅኸው ሳቅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። «ጥሩዬ፣ ቤቱን አየነው፤ ሰፈሩን አላየነውም» አልከኝ። ይችን ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ በልቤ ይዣታለሁ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቀዋለህ። ያገርህን ብርድ ናፍቀህ ወደ ቢቸና ተመለስን፣ ታመምክ፣ ሄድክ። የማታውቀው አንተ ከሄድክ በኋላ ያለውን ነው።

ታላቅ ወንድምህ አያ ሙሉነህ ክፉ ሰው አይደለም። ግን የወሰነው ነገር ሁሉ ከሰማይ የወረደ ይመስለዋል። አርባህ እንደወጣ ጓሮው ያለችውን ክፍል ጠርጎ፣ ከእንግዲህ ቤትሽ ይህ ነው፤ ሴት ልጅ ያለ ወንድ ጥላ አትቆምም አለኝ። ልብስህን ለዘመድ አከፋፈለ። እኔ ኮትህ ከመሄዱ በፊት ኪሱን ፈትሼ ያችን ክብሪትህን አወጣሁ። መጋዘኑ ጨለማ ሲሆን ፋኖስ የምትለኩስባት፣ ግማሽዋ ያለቀ። መቀነቴ ጫፍ ላይ ቋጠርኳት። እስከ ዛሬ አንዲት እንጨት አልጫርኩባትም።

ጓሮ ክፍሏ ውስጥ ስምንት ወር ኖርኩ። መኪናዬ ጎተራው ጥግ ተቀምጣ አይጥ ጠፍሯን በላው። እህል አልጎደለብኝም፤ የወንድምህ ሚስት ደግ ናት፣ እግዜር ይስጣት። ግን ቤት የሌለው ሰው ሳል እንኳ ሲመጣበት አስፈቅዶ ነው የሚስል። አንድ ቀን ለሰው ቀሚስ ልስፋ ብል፣ አያ ሙሉነህ የወንድሜ ሚስት ለሰው ጨርቅ ስትጠግን ምን እባላለሁ አለኝ። ያን ቀን ገባኝ። ራሴ ካልወጣሁ በአያ ሙሉነህ ጓሮ እያፈርኩ አረጅና እዚያው እቀበራለሁ። የጆሮና የአንገት ወርቄን አወጣሁ፤ አንተ የገዛህልኝን። አትቀየመኝ፣ አንገቴ ላይ ከምትንጠለጠል ራሴ ላይ ጣራ ሆና ብትቆም ይሻላል ብዬ ነው።

አያ ሙሉነህ ስቆ አሰናበተኝ። ሞጣ የናትሽ አገር ነው፣ ሂጂ እዪው፤ ክረምት ሳይገባ ትመለሻለሽ፤ ክፍሏን አላከራይም አለ። ያ ሳቁ ነው ያደረሰኝ ማለት ይቻላል።

ሞጣ አክስቴ ዘንድ አረፍኩ። የሚሸጡ ሦስት ቤቶች አሳዩኝ። እኔ ግን ቤቶቹን ከማየቴ በፊት እናቴ ትለው የነበረውን አደረግሁ፤ ሰፈር ልታውቂ ስትፈልጊ ማለዳ ገል ይዘሽ እሳት ጫሪ ትል ነበር። በበዓል ቀን ሰው ሁሉ ደግ ነው። ገና ዓይኑን ሳይታጠብ፣ የራሱ ምድጃ ሳይሞቅ፣ የማያውቀው ሰው ደጁ ቆሞ እሳት ስጠኝ ሲለው ግን ያው ራሱን ነው የምታገኚው። የሸክላ ስባሪ ከአክስቴ ጓሮ አነሳሁና በየማለዳው አንዳንድ ሰፈር ሄድኩ።

የመጀመሪያው መኪና መንገድ ዳር ነው። ቤቱ ቆርቆሮ ክዳን፣ መስኮቱ አረንጓዴ፤ ብታየው የድሬዳዋውን ታስታውስ ነበር፤ እኔም ልቤ ሊከዳኝ ነበር። ጎረቤቱን አንኳኳሁ። ሴትየዋ ከላይ እስከ ታች አየችኝና ክብሪት በየሱቁ ሞልቶ የለም ወይ ብላ በሩን መለሰችው። እውነቷን ነው፣ ሞልቷል። እኔ ግን ክብሪት ልፈልግ አልነበረም የሄድኩት።

ሁለተኛው ደብሩ አጠገብ ነው። እዚህ እንደሚሆንልኝ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ቅዳሴው ከአልጋዬ ይሰማኛል ብዬ። ባለቤቷ እሳት አልከለከለችኝም። ግን የማን ልጅ ነሽ ብላ ጀመረች፤ አባቴን ነገርኳት፤ የአባትሽስ አባት አለች፤ ከዚያ የእናቴን ወገን፣ ከዚያ ያንተን ወገን፣ ከዚያ ለምን አልወለድሽም። ሰባት ቤት ቆጥረን ስንጨርስ ምድጃው ራሱ ጠፍቶ ነበር! እየሳቅሁ ባዶ ገሌን ይዤ ተመለስኩ። ደህና ሴት ናት፣ አሁን ደንበኛዬ ሆናለች፤ ግን በየማለዳው ፈተና መቀመጥ አልቻልኩም።

ሦስተኛው ከገበያው በታች፣ ሸማኔዎችና ነጋዴዎች ያሉበት ነው። ከላይ የቤተ ክርስቲያን ደወል፣ ከታች የመስጊዱ አዛን ይሰማበታል። ቤቱን ብታየው ታዝን ነበር። የሣር ክዳን፣ ወገቡ የጎበጠ። አጥር የሚጋራውን ደጅ አንኳኳሁ። እትዬ ዘሀራ የሚባሉ፣ ቆፍጣና እስላም ሴት ወጡ። እሳት ስላቸው ገሌን ከእጄ ነጠቁና በዚች ስባሪ ነፋስ እንጂ እሳት አይሄድም፣ ምን ዓይነት ባለሙያ ነሽ ብለው ተቆጡኝ። የራሳቸውን ትልቅ ገል አመጡ፤ ፍሙን መርጠው ሞሉት፤ አመድ ጣል አደረጉበት። ከዚያ የት ልትወስጂው ነው አሉኝ። እሳቱን የምወስድበት ቤት የለኝም! ያን ጎባጣ ቤት አሻግሬ ሳይ አዩኝ። ልትገዢው ነው አሉ።

እዚህ ላይ ነው አንተን የፈለግሁህ። ሳልጠይቃቸው እጄን ይዘው አጥሩን ዞሩ። የጓሮ ግድግዳውን ምስጥ በልቶታል፣ ሻጩ አይነግርሽም፣ እኔ ግን ነገ ዓይንሽን ማየት አለብኝ አሉ። ነሐሴ ላይ ጎርፉ በየት እንደሚወርድ በእግራቸው መሬቱ ላይ አሰመሩልኝ፤ በዚህ ይመጣል፣ ከዚያ ግራር ሥር ይታጠፋል፣ ደጅሽን አይነካም። እንባዬ መጣ። እሳቸው ጭሱ መስሏቸው ራቅ በይ አሉኝ። አካሌ፣ ድሬዳዋ ላይ አንድ ሰው እንዲህ እጃችንን ይዞ ቢዞር ኖሮ ስል ነበር። ልቤ እዚያው ገዛ።

ልብ ይግዛ እንጂ ደንቡ ገና ነበር። አንተ እንደምታውቀው አንድ ቤት ሲሸጥ ዘመድና አጥር የሚጋራ ጎረቤት ይቀድማል፤ እኔ እወስደዋለሁ ካለ መጤ ገዢ አፉን ይዞ ይመለሳል። የእትዬ ዘሀራ ባል አቶ እንድሪስ ደግሞ ሊያገባ የደረሰ ልጅ አላቸው። ሽማግሌዎቹ ከቤቱ ፊት ካለው ብሳና ዛፍ ሥር ሲቀመጡ ምስክር ትሆነኛለህ ብዬ አያ ሙሉነህን ከቢቸና አስመጣሁት። መጣ፤ ጋቢውን አጣፍቶ ተቀመጠ። ሁሉም ካለቀ በኋላ፣ ሻጩ እሺ ካለ በኋላ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሣ። ጎረቤት ይቅደም የሚባል ያባቶች ደንብ አለ፤ አቶ እንድሪስ ይጠየቁልኝ አለ። ተመልሶ ሲቀመጥ ዓይኔን አላየም። ጓሮ ክፍሏን ጠርጎ እንደመጣ ገባኝ።

አቶ እንድሪስ ሽማግሌ ናቸው፣ ሲነሡም ሲናገሩም ይዘገያሉ። ልጃቸውን አዩ። ቤቱን አዩ። እኔ በዚያች ዝምታ ውስጥ ስምንት ወሩን እንደገና ኖርኩት። በመጨረሻ፣ «ጎረቤት ይቅደም ካላችሁ እሷ ቀድማለች» አሉ። «ከምድጃዬ እሳት ጭራለች። እሳት ሰጥቼ ቤት ብከለክል የሰጠሁት እሳት ይታዘበኛል። ልጄ ወጣት ነው፣ ይሠራል።» እትዬ ዘሀራ ከአጥሩ ወዲያ ሲያዳምጡ ኖሯል፤ እልልታቸውን ለቀቁት! የሽማግሌዎቹ ዳኛ ሳቃቸው አመለጣቸው። አያ ሙሉነህም አንገቱን ደፍቶ ቆይቶ፣ ፊርማዬን የት ላይ ነው የማኖር አለ። የጎጃም ሰው ነው፣ ሲሸነፍ በወግ ይሸነፋል። ውሉን አውራጃ ጽሕፈት ቤት ይዘን ስንሄድ ጸሐፊው ባለቤትሽ ስማቸው ማን ይባል ቢለኝ ያንተን ስም በደማቅ ቀለም አስጻፍኩት፤ የሟች እገሌ ባለቤት ተብሎ፣ ከስሜ ቀጥሎ።

አሁን ብታየው! ግድግዳውን የአቶ እንድሪስ ልጅ አፍርሶ እንደገና መርጎልኛል፤ ያ ቤቱን የተወልኝ ልጅ። ለሠርጉ የሚዜዎቹን እጀ ጠባብ ሁሉ በነፃ ሰፋሁለት። መኪናዬ አዲስ ጠፍር ገብቶላት መስኮት ሥር ተቀምጣለች፤ የተማሪ ልብስ ስሰፋ ሳልጨርስ ገበያ ቀን ይደርሳል። ክረምቱ ሲገባ ጎርፉ መጣ፤ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። እትዬ ዘሀራ በእግራቸው ያሰመሩት ላይ ወርዶ፣ ከግራሩ ሥር ታጥፎ ሄደ። ደጄን አልነካም! ዝናቡ ውስጥ ወጥቼ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ለፋሲካ በቁሟ ዶሮ ሰጠኋቸው፣ በራሳቸው ባርከው እንዲያርዷት፤ እሳቸው ደግሞ ጾሜን በፈታሁበት ማለዳ ትኩስ ዳቦ ይዘው አጥሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

አያ ሙሉነህ ባለፈው ጤፍ አስጭኖ ሊጠይቀኝ መጣ። ለሰው ሁሉ ይህን ሰፈር የመረጥኩላት እኔ ነኝ ይላል አሉ። ይበል፤ አልነፍገውም። ጓሮ ክፍሏን አከራይቷታል።

አሁን የመጨረሻዋን ልንገርህ፤ ደብዳቤውን ያስጀመረችኝ እሷ ናት። በቀደም እትዬ ዘሀራ ቀሚስ ሊለኩ መጥተው፣ እኔ ወገባቸውን ስለካ ድንገት ሳቁ። ያን ማለዳ ስትመጪ ክብሪት መቀነትሽ ውስጥ ስትንኳኳ ሰምቻታለሁ አሉኝ። ፊቴ ቀላ። ክብሪት ይዛ እሳት የምትለምን ሴት የምትፈልገው ሰው ነው ብዬ ነው ትልቁን ገል ያመጣሁት አሉ። አይ እትዬ ዘሀራ፣ ክብሪቷ የኔ አይደለችም፣ የባለቤቴ ናት፣ ከኪሱ ያወጣኋት ናት፣ አልጭርባትም አልኳቸው። መቀነቴን ዳበስ አደረጉና እንግዲያ ያን ቀን አብራችሁ ነው የመጣችሁት አሉኝ።

አብረን ነው የመጣነው፣ አካሌ። በዚህ ጊዜ ሰፈሩንም አይተነዋል።

ከዚያ ገል የመጣው እሳት፣ ቤቱ እስኪገዛ አክስቴ ምድጃ ላይ ቆይቶ፣ እስከ ዛሬ አልጠፋም። ማታ አመድ አልብሼ አዳፍነዋለሁ፣ ማለዳ ገልጬ እቆሰቁሰዋለሁ፤ ፍሙ ሲታየኝ ስምህን ጠርቼ ነው ቀኔን የምጀምር። በሕይወት እስካለሁ ይህ አይቀርም። ማንም እሳት ሊጭር ደጄን ቢያንኳኳ ትልቁን ገል አወጣለታለሁ፤ ክብሪትህ ግን እንደተቋጠረች ትኖራለች፣ እኔ ስሄድም ከኔ ጋር ትሄዳለች።

ያንተው ጥሩነሽ፣ ከሞጣ፣ ከቤታችን።