የትኛው ደሴት እንደሆነ ያልጠየቀው ልጅሽ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃውን ያለ ደጋፊ መውጣት ጀመርሽ? ሳሉስ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም እንቅልፍ ይነሳሻል? ምግብ ይበላልሻል? የአባዬ ወንበር ባዶውን ሲታይሽ እንዴት እንደምትሆኚ ከዚህ ሆኜ አስባለሁ። እኔ አካሌ ደህና ነው። ሆዴ ግን እንደነደደ ነው።

በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን ግማሽ ላይ ታቋርጪኛለሽ፤ ተይ ልጄ፣ ወንድምሽ ነው ትይኛለሽ። ደብዳቤ አይቋረጥም። ትንሿ እህቴ ስታነብልሽ እስከ መጨረሻው ስሚኝ።

ሆቴሉ ተከፍቷል። ቤት መቀመጥ የሰለቸው ባለገንዘብ ሁሉ በሽታውን ሸሽቶ ወደ ደሴት መምጣት ጀምሯል። እኔ ያው ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነኝ። ጀልባ በሚመጣበት ቀን ግን ከራሴ እስከ እግሬ ነጭ ፕላስቲክ ያለብሱኝና ወደቡ ላይ የእንግዳ ሙቀት እለካለሁ። ነርሷ ትጠይቃለች፣ እኔ መለኪያውን ግንባራቸው ላይ እደግናለሁ። ዘበኛው ይህን ሥራ ፈርቶ ስለጠፋ ነው ለእኔ የደረሰኝ።

አባዬ ያረፈ ቀን የሆነውን ሙሉውን አልነገርኩሽም። ሥራ አስኪያጁ ፈቅዶልኝ፣ ሻንጣዬን ይዤ ጀልባው ላይ አንድ እግሬን አሳርፌ ነበር። ወንድም ጋሼ ደወለ። «ስንት አገር ሰው ከረገጠው ቦታ በሽታ ተሸክመሽ መጥተሽ እማዬንም ልትገድያት ነው? እዚያው ቅሪ፤ እኔ አለሁ» አለኝ። ስለ አንቺ ሲያነሳብኝ ሻንጣዬን መልሼ አነሳሁ። ወረድኩ። አባቴን ሳልቀብር አንሶላ ስተኩስ ዋልኩ። ለአንቺ ግን ልጅቷ ሥራ በዝቶባት ቀረች ብሎ እንደነገረሽ በኋላ ከትንሿ ሰማሁ።

አሁን ደግሞ ለሥራ ራቅ ያለ ቦታ ተልኬያለሁ ብሎሽ ወጥቷል አሉ። አልተላከም፣ እማዬ። የአባዬ አፈር ሳይደርቅ ከሚስቱ ጋር ሊዝናና እዚህ መጣ። ከጀልባው ሲወርድ የአበባ ሸሚዝ ለብሷል፤ ጥቁር መነጽር አድርጓል። ደሴት ላይ እንደምሠራ ያውቃል። እዚህ ባሕር ላይ ደግሞ የደሴቱ ብዛት እንደ ጉድ ነው። የትኛው ላይ እንዳለሁ በዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን ጠይቆኝ ቢያውቅ ኖሮ ሌላ ጀልባ ይሳፈር ነበር።

ተራው ደርሶ ፊቴ ቆመ። አላየኝም። እንዲህ ለብሼ እንግዳ ሁሉ የሚያየኝ እንደ በር መቃን ነው። በልጅነቱ ከአጥር ወድቆ የተሰፋባት ጠባሳ ላይ መለኪያውን ደገንኩ። ትኩሳት የለውም። ነርሷ በቅርብ ጊዜ ቤታችሁ የታመመ ወይም የሞተ ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችው።

«የለም፣ ቤታችን ሰላም ነው» አለ። ሚስቱም ራሷን ነቀነቀች።

ቀስ ብሎ እንኳ አላለውም። የሸሚዙን ቁልፍ እየፈታ ነው ያለው። ነርሷ እለፉ ልትል እጇን ስታነሳ፣ «ሲስተር፣ የዚህ ሰውዬ አባት በዚሁ በሽታ ሞቷል፤ ገና ወሩም አልሞላም» አልኳት።

ወንድ መስዬው «አንተ ደግሞ ማነህ?» ብሎ ጮኸብኝ።

የፊት መከላከያውን ገለጥኩለት። «የሟች ልጅ ነኝ» አልኩት።

መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። ሚስቱ ሻንጣዋ ላይ ቁጭ አለች። ሕጉ የታወቀ ነው፤ የዋሸ እንግዳ ሁለት ሳምንት ተለይቶ ይቀመጣል፣ ከዚያ በመጣበት ጀልባ ይመለሳል። ለደሴቱ ሰው ደኅንነት ብዬ ነው ብልሽ ውሸት ይሆንብኛል። ወጥ ቤት ያለው ሽማግሌ አስም እንዳለበት እንኳ ትዝ ያለኝ በኋላ ነው።

ለእንዲህ ያለው እንግዳ የተዘጋጁት ክፍሎች ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ባሕር የሚያሳይ ክፍል ነበረ። ለእነሱ የሰጠኋቸው ከጄኔሬተሩ ጀርባ ያለውን፣ መስኮቱ ግድግዳ የሚያየውን ነው። ቆርቆሮው ከረፋድ ጀምሮ ይግላል። ባሕሩን ይሰሙታል፣ አያዩትም። ምግባቸውን በር ላይ አስቀምጬ አንኳኩቼ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ሚስቱ ታለቅስ ነበር። አሁን ለቅሶውን ትታ እሱን ይዛዋለች። ምን ዓይነት ወንድ ነህ የእህትህን አድራሻ የማታውቅ ስትለው ሳህን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። እኔ ያላሰብኩትን ቅጣት እሷ ጨመረችለት። ያን ቀን ፍራፍሬ ደረብኩላት።

እሱም በበሩ ያናግረኛል። መጀመሪያ አሰባብርሻለሁ፣ ከሥራ አስባርርሻለሁ አለ። ከዚያ አየሩ አፈነኝ፣ ክፍል ቀይሪልኝ አለ። ለእማዬ ጤና ስል ነው አልኩት።

ትናንት ግን ድምፁ ሌላ ነበር። በሩ ሥር መሬት ላይ መቀመጡን ድምፁ ከታች ሲመጣ አወቅሁ። «የፈለግሽውን አድርጊኝ። ለእማዬ ብቻ አትንገሪያት። እኔ ሌላ ማን አለኝ?» አለ። ጨርሶ እስኪለምነኝ ቆሜ ጠበቅሁት። እሺ፣ አልነግራትም አልኩት። እግዚአብሔር ይስጥሽ አለኝ። የበላበትን ሳህን አነሳሁ፣ እጄን ታጠብኩ፣ ይህን ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

ትንሿን ሳሚልኝ፤ አነባበቧ እንዳይቸኩል። አክስቴን ጤና ይስጥልኝ በይልኝ፣ ጆሮዋ ስለከበደ ይህን ስትሰማ በቀኟ በኩል ትቀመጥ። ጎረቤታችን ጡረተኛውን፣ ላይ ቤት ያሉትን ተከራዮች፣ ልጆቻቸውንም ሰላም በይልኝ። የሚስቱ ወላጆች እሁድ ሊጠይቁሽ ሲመጡ በሩ ላይ ወንበር አውጪላቸው። ሰላምታዬ ለእነሱም ነው፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይነበብላቸው።

ሁለተኛዋ ልጅሽ

ከደሴቱ፣ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል
ሰኔ 11 ቀን