ከትልቁ መንገድ ሥር ያለው ቱቦ

ታላቅ ወንድሜ፣ የሰፈሩ ልጆች «ጋሽ መስመር» የሚሏቸው፣ ከግንበኛው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን ኅዳር 6 ቀን 1954 ዓ.ም. በዚሁ ቤት ተወለዱ። እኔ የአራት ዓመት ታናሽ እህታቸው ነኝ፤ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። የሕይወት ታሪካቸውን የተማረ ሰው ይጻፈው ስባል እምቢ ያልኩት የተማረ ሰው የሚዘለው ነገር ስላለበት ነው።

በሰፈራችን ትምህርት ቤት ተምረው፣ በ1976 ዓ.ም. በቅየሳ ሙያ በዲፕሎማ ተመረቁ። በውኃ ቢሮ ሠላሳ አምስት ዓመት አገለገሉ። መጀመሪያ በእግራቸው ዞረው ይለኩ ነበር፤ ኋላ ከሰማይ የተለካ የመሬት ከፍታ በቁጥር ይመጣላቸው ጀመር። ዝናቡ ከየትኛው ጉብታ ወዴት እንደሚወርድ ኮምፒውተሩ ያሰላል፣ እሳቸው የተፋሰሱን ወሰን ያሰምራሉ። ከመስመሩ ወዲህ የወደቀች ጠብታ ወደ እኛ፣ ወዲያ የወደቀች ወደ ሌላ ሰው ትሄዳለች፤ ለእኔ ያስረዱኝ እንዲህ ነው።

በ1983 ዓ.ም. ነርሷን ባለቤታቸውን አገቡ፤ ለሠርጋቸውም ጭቃ በያዘ ጫማ መጡ። ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ።

በ2009 ዓ.ም. የሰፈራችንን ተፋሰስ ካርታ ሠሩ፤ የጎርፍ መከላከያው ግንብም በዚያ ልክ ተገነባ። ጡረታ ሲወጡ ቢሮው ካርታውን በመስታወት አድርጎ ሰጣቸው። ዓምና ግድግዳ ላይ ሲሰቅሉት ወሰኑ በትልቁ መንገድ ላይ መሄዱን አይቼ፣ «ጋሼ፣ በልጅነታችን ከሥሩ የምንሾልክበት ቱቦስ የት ገባ?» አልኳቸው። መዶሻውን አስቀምጠው ተቀመጡ። «ከላይ ሲታይ መንገዱ ግድግዳ ነው፣ ቱቦው አይታይም። አንቺ ጉልበትሽ የተላጠበትን እኔ እንዴት ረሳሁት?» አሉ።

ከመንገዱ ማዶ ያለው ውኃ ሁሉ በቱቦው በኩል ወደ እኛ ይመጣል። ግንቡ ግን ለግማሹ ነው የተሠራው። ወሰኑን አስተካክለው ለቢሮው ሦስት ደብዳቤ ጻፉ፤ መልሱ «በጥናት ላይ ነው» የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰማይ ሲጠቁር በር ላይ ይቆሙ ነበር። ኩላሊታቸው ታሞ ሆስፒታል ሲተኙም፣ ዝናብ ጣራውን ሲመታ እጄን ይዘው «ውኃው ስንተኛው ደረጃ ደረሰ?» ይሉኝ ነበር። የቤታችን ደረጃ አምስት ነው።

ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም. በስድሳ ሦስት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውንና እኔን ትተዋል።

ባለቤታቸው በቀብር ቀን ሰው አታስደንግጪ ብለውኛል፤ ይቅር ይበሉኝ። እሳቸው ፈርተው ነው የሄዱት፤ እኔም ፈርቻለሁ። ክረምቱ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። የተስተካከለው ካርታ በዚህ ወረቀት ጀርባ ታትሟል። ከዳቦ ቤቱ በታች ያላችሁ፣ እዚህ ከተቀመጣችሁት ግማሾቻችሁ ናችሁ፣ ቤታችሁን ፈልጉና ነገ ከእኔ ጋር ቢሮው በር ላይ እንቁም።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ውኃ በማይደርስበት ከፍታ ያሳርፍልን፤ ለእኛም ቢሮው በር እስክንደርስ ዝናቡን ያቆይልን።