ከቅዳሴ በፊት የማይዋጥ ክኒን

ደብረ ብርሃን፣ መጋቢት 12፣ ረቡዕ

አባባ ዛሬም ክኒኑን ሳይውጡ ለቅዳሴ ወጡ። ወደ አንጎላቸው የሚሄደው ደም ከቀነሰ ወዲህ ሐኪሙ በየጠዋቱ እንዲወስዱት አዟል። «የጠፋውን ትዝታ አይመልስም፤ የቀረውን ግን ይጠብቅላቸዋል» ብሎኛል። እሳቸው ደግሞ «ክኒን ውጬ መቅደስ አልገባም፤ ቄስ ነኝ እኮ!» ይላሉ። ሁዳዴ ስለሆነ ቅዳሴው የሚያልቀው ከሰዓት በኋላ ነው። ሲመለሱ ስሰጣቸው «አሁንማ መሽቷል» ይሉኛል። ያናድደኛል፤ ግን ምን አፍ አለኝ?

ዛሬ አብሯቸው የቀደሰው ዲያቆን ደጃፍ ድረስ አደረሳቸውና ወደ ጎን ጠራኝ።

«እህቴ፣ አባታችን በቃላቸው የሚያውቁት ጸሎት መሀል ላይ ቆሙ። ሕዝቡ ጠበቀ። ወደ እኔ ዞረው የት ደረስን አሉኝ።»

ስገባ አባባ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ምንም ሳልናገር እጃቸውን ዘረጉ።

«በይ፣ ያን ክኒን ስጪኝ።»

ከእምቢታቸው ይልቅ እሺታቸው አስፈራኝ። ሰጠኋቸው፤ በውሃ ዋጡት።

ብርጭቆውን አጥቤ ስመለስ እጃቸው እንደገና ተዘርግቷል።

«ምነው ልጄ፣ ክኒኔን ዛሬም ልትከለክዪኝ ነው?»