ከበረኪና ጋር ስለ ተቆለፈው የቃሪያ ብልቃጤ

ለክብርት ወይዘሮ ሎርና ፌልድካምፕ
የሜፕል ጥላ የአረጋውያን መኖሪያ ዋና ዳይሬክተር
ኖርዴል፣ አዮዋ

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ የምግብ ፍላጎትዎም በእርስዎ ወጥ ቤት ከሚመገበው ሰው ሁሉ የተሻለ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ቡንታቪ ኬኦላ፣ በክፍሌ በር ላይ "ሚስተር ቡን" ተብሎ የተለጠፈልኝ የአንደኛ ፎቅ ነዋሪዎ፣ ከቢሮዎ አንድ ኮሪደር ብቻ ርቄ እየኖርኩ በጋዜጣ መጻፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። የቃል አቤቱታዬን በፈገግታ፣ የጽሑፍ አቤቱታዬን ደግሞ ከዚያም በሰፋ ፈገግታ ተቀብለውኝ ከዚያ ወዲያ ምንም ስላልሰማሁ፣ ምናልባት ክብርትነትዎ ከማመልከቻ ይልቅ ጋዜጣ ያነቡ ይሆናል ብዬ ነው።

ወደ ቅሬታዎቼ ከመግባቴ በፊት ምስጋና ላቅርብ። ቤትዎ ከገባሁ ጀምሮ አልወደቅሁም፣ አልበረደኝም፣ ምላሴንም አንዳች ነገር አልነካውም። በአሳማ ሥጋ ፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ ስሠራ አንድ ቀን እንዲህ ያለ ደኅንነት ይገጥመኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

አንደኛ፣ ስለ አውቶቡሱ።

በየሐሙሱ "የከተማችንን ጣዕም እንቅመስ" በሚል መርሐ ግብር በአውቶቡስ እንደሚያንሸራሽሩን ይታወቃል። አውቶቡሱ ወደ አውራ ጎዳናው ወጥቶ፣ የምግቡ ፎቶግራፍ ከምግቡ የበለጠ ጣዕም ካለው አንድ ምግብ ቤት ያራግፈናል፤ እዚያም አስተናጋጇ የቁንዶ በርበሬ መነስነሻውን ስታይ "ይሄ ያቃጥላችኋል፣ ላንሳላችሁ?" ትለናለች። ነገር ግን፣ ክብርት ሆይ፣ ይህች ከተማ ጣዕም አላት። የፋብሪካ ሰው ሌሊት ሲወጣ የት እንደሚበላ ስለሚያውቅ እኔም አውቃለሁ። ከጎማ ቤቱ ጀርባ ዶኛ ኦዲሊያ የምትባል ሴት ከቆመ መኪና ላይ የምትሸጠው አረንጓዴ ቃሪያ የገባበት የአሳማ ሥጋ አለ፤ አፍንጫው የታፈነ ሰው ሐኪም ቤት ከመሄዱ በፊት እሷ ዘንድ ይሄዳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በባቡር መንገዱ ማዶ ባለው ነዳጅ ማደያ ውስጥ፣ በሞተር ዘይቱና በዓሣ ማጥመጃ ትሉ ማቀዝቀዣ መካከል፣ የአገሬ ልጅ ቪላይ ሙቀጫዋን ዘርግታ ጥሬ ፓፓያ ከቃሪያና ከተብላላ ዓሣ ጋር ትወቅጣለች። ይህን ቦታ የትኛውም የከተማ መጽሔት አላነሳውም፤ ሰው ግን ከሦስት አውራጃ ነዳጅ ሊቀዳ ነው እያለ ይመጣበታል።

ታዲያ አውቶቡስዎ ነዳጅ የሚቀዳው የት መሰለዎት? እዚያው ነው። በየሐሙሱ፣ ስንሄድ፣ በሩ ተቆልፎ። የሙቀጫው ድምፅ ይሰማኛል። ቪላይ በመስታወቱ በኩል ስታየኝ ዘነዘናዋን አንስታ "አጎት ቡን፣ ስንት ቃሪያ ላድርግልህ?" ብላ በከንፈሯ ትጠይቀኛለች፤ እኔም በመስኮቱ ሰባት ጣት አሳያታለሁ፤ ሾፌሩም በመልካም ጠባይ ዞር ብሎ "ይቅርታ ሚስተር ቡን፣ ፕሮግራሙ ላይ የለም" ይለኛል። ከዚያ ወደ ፎቶግራፎቹ እንሄዳለን። ሰው በረሃብ የሚንገላታባቸው ብዙ መንገዶች አሉ፤ በቀበቶ ታስሮ፣ በሞቀ መቀመጫ ላይ፣ ከምሳው በመስታወት ብቻ ተለይቶ መንገላታት ግን የእርስዎ መሥሪያ ቤት ፈጠራ ነው።

ሁለተኛ፣ "ለየት ያለ ነው" ስለሚለው ቃል።

ክብርትነትዎ ከፍሎሪዳ የመጡ ስለሆኑ ይህን አለማወቅዎ አያስወቅስዎትም። ለልብ ተስማሚ የተባለው አዲሱ የምግብ ዝርዝር የጀመረ ሰሞን፣ በየጠረጴዛው እየዞሩ "እንዴት ነው? ወደዳችሁት?" ብለው መጠየቅዎን ያስታውሳሉ። የጠረጴዛ ጓደኛዬ ኦርቪል ታይስ፣ ዕድሜውን ሁሉ በቆሎ ሲዘራ የኖረ ሰው፣ ነጩን ዓሣ በነጩ መረቅ ከነጩ ድንች ጋር ጥቂት ተመለከተና "እንግዲህ... ለየት ያለ ነው" አለ። ቀጥሎ ያለውም ጠረጴዛ እንዲሁ አለ። መላው አዳራሽ፣ እኔንም ጨምሮ፣ ለየት ያለ ነው አልን። እርስዎም ፊትዎ በርቶ ሄዱና በሳምንቱ መግቢያው ላይ "ነዋሪዎቻችን ስለ ምግባችን የሚሉት፦ ለየት ያለ ነው" የሚል ትልቅ ማስታወቂያ ተሰቀለ። የምግብ ዝርዝሩም በነዋሪዎች ምስክርነት ለዘለቄታው ጸደቀ።

ክብርት ሆይ፣ ኖርዴል ውስጥ "ለየት ያለ ነው" የሚባለው ሰው አፉ ውስጥ ያለውን የት እንደሚተፋው ሲጨንቀው ነው። ጎረቤት ቤቱን ሐምራዊ ሲቀባ ለየት ያለ ነው ይባላል። የቄሱ ልጅ ሚስቱን ፈትቶ የሚስቱን እህት ሲያገባም ለየት ያለ ነው ተብሏል። የዚህ ከተማ ሰው በእውነት ልቡ ሲሞላ የሚለው "አይከፋም" ነው። ኦርቪል የመጀመሪያ ልጁ ተወልዶ ሐኪሙ ሲያሳየው "አይከፋም" ማለቱን ነፍሷን ይማርና ሚስቱ ነግራኛለች፤ ይህን ስትነግረኝም ያኔም ድረስ ትኮራበት ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቱ እመጣለሁ። ቪላይ ልትጠይቀኝ ስትመጣ በክረምት ካፖርቷ እጅጌ ደብቃ አንድ ብልቃጥ ጄው አመጣችልኝ፤ ጄው የምንለው የተጠበሰ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ተወቅጦ የሚሠራ ድልህ ነው። ኦርቪል ድንቹ ላይ ጨመረበት። ግንባሩ ላቦ፣ አፍንጫው ፈስሶ፣ እንባው እስከ አገጩ ወርዶ "አይከፋም" አለ። ጥቂት ቆይቶም "በጣም አይከፋም" አለና ሳህኑን ደግሞ አቀረበ። እኔ በዚህ ከተማ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ "በጣም አይከፋም" ሲባል ሰምቼ አላውቅም። እርስዎ ግን በዚያ ሲያልፉ ሰምተው በሪፖርትዎ ላይ "ነዋሪዎች ለቃሪያው የተለየ ፍላጎት አላሳዩም፤ አንድ ነዋሪም አልቅሷል" ብለው ጻፉ፤ ከዚያም ከውጭ የሚመጣ ምግብ ሁሉ ተከለከለ።

ኦርቪልን ለብቻው ይዤ "ሰውዬ፣ ለምን እውነቱን አትነግራትም?" አልኩት።

"ቡን፣ ሴትዮዋ እኮ ለፍታበታለች" አለኝ። "ማስታወቂያም አሠርታለች። አሁን ምን ብዬ ላሳፍራት?"

"እና እስክንሞት ይህን ልንበላ ነው?"

"ኧረ ብዙም አይቆይም" አለኝና ጄላቲን የሚሉትን የሚርገፈገፍ ጣፋጭ ወደ እኔ ገፋው።

እንግዲህ እኛ እርስዎን ላለማስቀየም እንበላለን፣ እርስዎም እኛን ደስ ለማሰኘት ያበሉናል፤ ከዚህ የሚያወጣን ሰው የለም። እኔ ይህን ዝምታ ለራሴ ብቻ ቢሆን ኖሮ እሸከመው ነበር። ሦስተኛው ቅሬታዬም ስለዚያው ጄላቲን ነበር፣ ግን ትቼዋለሁ። ትዕግሥቴ ያለቀው ባለቤቴ ስለማትበላ ነው።

ባለቤቴ ማላይቶን ሁለተኛ ፎቅ፣ በሚስጥር ቁጥር ከሚከፈተው በር ጀርባ እንዳለች ያውቃሉ። ለእርስዎ የመርሳት ሕመም ያለባት ጸጥተኛ አሮጊት ናት። እኔ የማውቃት ማላይቶን ቦርሳዋ ውስጥ በፎቶ ፊልም ቆርቆሮ ቃሪያ ሳትይዝ ሠርግ የማትሄድ፣ አዮዋ ውስጥ የትኛውም ምግብ ቤት ገብታ መረቁን በትንሿ ጣቷ ቀምሳ "ተነስ እንሂድ" የምትል ሴት ናት። "በጣም የሚያቃጥል አምጣልኝ" ስትለው "በእኛ ልክ ነው በእናንተ?" ብሎ የጠየቃትን አስተናጋጅ "በእናቴ ልክ" ያለችው እሷ ናት። ዛሬ የከተማዋን ስም ረስታለች፣ የልጃችንን ስም ረስታለች፣ የእኔንም ከረሳችው ቆይታለች። ምላሷ ግን ምንም አልረሳም። ማንኪያው ሲቀርብ ትቀምሳለች፣ ከዚያ አፏን ትዘጋለች። አስታማሚዎቹ ደጎች ናቸው፤ "እማማ፣ አንዴ ብቻ፣ ለእኔ ስትይ" እያሉ ይለምኗታል። እሷ ወደ ግድግዳው ትዞራለች። የጋብቻ ቀለበቷ ከጣቷ እየወለቀ ስላስቸገረ በክር አስሬላታለሁ። ፈርቻለሁ፣ ክብርት ሆይ፤ ይህን በጨዋ አነጋገር የምልበት መንገድ ስላላገኘሁ እንዲሁ ፈርቻለሁ ብዬ እጽፋለሁ።

ስለዚህ ክልከላው ከወጣ በኋላ የተረፈችውን ጄው በኪሴ ይዤ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወጣሁ። ቪላይ በድብቅ የላከችልኝን የሚጣበቅ ሩዝ በጣቴ ጠቅልዬ፣ ጫፉን ነካ አድርጌ ወደ አፏ አቀረብኩ። አላመጠች። ዋጠች። ከዚያ ለብዙ ጊዜ ቃል ያልወጣው አፏ በአገራችን ቋንቋ "ጨው አነሰው፤ ማን ነው የወቀጠው?" አለኝ።

"ቪላይ ናት" አልኳት።

"ሰነፍ ናት" አለችና አፏን እንደገና ከፈተች።

ብልቃጡ እስኪያልቅ ባበላኋት ደስ ይለኝ ነበር። ነገር ግን ነርሷ ሽታውን ተከትላ መጣች፣ ደንቡ ታየ፣ እናም የእኔ ጄው "አደገኛ ንጥረ ነገር" የሚል ወረቀት ተለጥፎበት በጽዳት ዕቃ ቁም ሣጥን፣ ከበረኪናውና ከመጸዳጃ ቤት ማጽጃው ጎን ተቆለፈ። እስከ ዛሬም እዚያው አለ። ባለቤቴም ከዚያ ምሽት ጀምሮ እንደገና ወደ ግድግዳው ዞራለች።

"ካልተመቸህ ለምን አትወጣም?" የሚል አንባቢ ቢኖር መልስ አለኝ። ቤታችን ተሽጧል። መንጃ ፈቃዴ መኪናዬን የበረዶ ክምር ውስጥ ከከተትኩ ወዲህ ተወስዷል። ልጃችን አሪዞና ናት፤ ስደውልላት "አባ፣ እባክህ ከሰዎቹ ጋር አትጣላ፣ ሌላ የሚቀበላት ቤት እኮ የለም" ትለኛለች፤ እውነቷን ነው፣ በዚህ አውራጃ የመርሳት ሕመምተኛ የሚቀበል ሌላ ቤት የለም። እኔ ራሴ በዋናው በር መውጣት እችላለሁ፤ ማንም አይከለክለኝም። እሷን ግን ከዚያ በር ጀርባ ትቼ የት እሄዳለሁ? በነፃነቴ ተቆልፌአለሁ።

አራተኛና የመጨረሻው ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው። ባለፈው ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ስለ ባለቤቴ ስለምንዎት፣ ትከሻዬን በእጅዎ ይዘው፣ ዓይንዎ እንባ አቅርሮ፣ አንድ የሚያጽናና ነገር ነገሩኝ። "ሚስተር ቡን፣ አይዞዎት፤ ወደ መጨረሻው እንክብካቤ ስትዛወር የምግብ ገደቡ ሁሉ ይነሳላታል፣ ያኔ የፈለገችውን ትበላለች" አሉኝ። ደንቡን አውጥተውም አሳዩኝ፤ በርግጥም ተጽፏል። እንዲህ ያለ ርኅራኄ ያለበት ደንብ አይቼ ስለማላውቅ በዚያ ቅጽበት ማመስገኑን ዘንግቼ ነበርና ዛሬ በከተማው ሕዝብ ፊት አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ለመኖር መብላት እንደማትችል፣ መሞት ስትጀምር ግን ሙሉ መብት እንዳላት አሁን ተረድቻለሁ። እኔ ፋብሪካ ውስጥ የሠራሁት ከአሳማ ጋር ስለነበረ ነው መሰለኝ፣ እኛ ዘንድ የመብሉ ቅደም ተከተል ሌላ ነበር።

የምለምነው ትንሽ ነው። ብልቃጡ ከበረኪናው ጎን ይውጣልኝ። በቀን አንድ ጊዜ፣ አስታማሚ ቆማ እያየች፣ ባለቤቴን በእጄ ላብላት። ሐሙስ ሐሙስ ሾፌሩ ነዳጅ እስኪቀዳ ድረስ የአውቶቡሱ በር ቢከፈት ደግሞ ኦርቪል ይወርዳል፤ እሱ በአፉ አይጠይቅዎትም፣ ግን ካፖርቱን ከሐሙስ ጠዋት ጀምሮ አያወልቀውም።

የክብርትነትዎን ውድ ጊዜ በመሻማቴ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ በእንክብካቤዎ ሥር ከሙቀትም ከብርድም፣ ከጨውም ከቃሪያም ተጠብቄ የምገኝ፣ ስለ በጎ ፈቃድዎ ገና ከመስጠትዎ በፊት የማመሰግን፣

እጅግ ትሑት ነዋሪዎ
ቡንታቪ ኬኦላ
አንደኛ ፎቅ፣ ለጊዜው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ልልክ ስል የፎቁ ነርስ ጠርታኝ፣ ማክሰኞ ሐኪሙ መጥቶ ማላይቶንን ወደ መጨረሻው እንክብካቤ ሊያዛውራት መሆኑን በዝግታ ነገረችኝ። እንግዲህ በደንብዎ መሠረት ከማክሰኞ ጀምሮ ቃሪያ ተፈቅዶላታል፤ ስለዚህም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቢያጣሩልኝ፦ ይህ ጋዜጣ የሚወጣው ቅዳሜ ነው፣ ማክሰኞ ገና ነው፤ እሷን ደግሞ የራባት አሁን ነው።