መበለቲቱ ሰው ፊት አታለቅስም

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤ ሥራውም ብርዱም እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን።

አባባ ማተሚያ ቤት ሳለ የብረት ፊደል እየለቀመ ለኅትመት የደረደረውን፣ ያንን የመበለቲቱን ልቦለድ ታስታውሳለህ? ደራሲው ካረፉ በኋላ ሌላ ሰው ቀጣዩን ክፍል ጽፎታል። ገዝቼ ከሰዓት ከሰዓት አነብለታለሁ። መበለቲቱ ገበያ መሀል ስታለቅስ ግን ቱግ አለ።

«እሷ ሰው ፊት አታለቅስም! ይሄ ሰውዬ የት ያውቃታል?» አለና የድሮውን መጽሐፍ ሁለት ገጽ በቃሉ አንበለበለው። አንዲት ቃል አልሳተም።

ትናንት ምዕራፍ ሦስትን ስንጨርስ እጄን ያዝ አድርጎ፣ «ተባረኪ፤ አነባበብሽ የልጄን ይመስላል» አለኝ።

«እሷስ የት ናት?» አልኩት።

«ሥራ ቦታ ናት፤ አሁን ትመጣለች። ቆይተሽ ተዋወቂያት።»

ስለ እኛ አታስብ። የዓመት ፈቃድህን ግን ለከርሞ አታቆየው፤ በደህና ያገናኘን።

ናፋቂህ እህትህ