አሰልጣኙ ፊት ብቻ

ለምወድህ ወንድሜ ለአያ ማንያዘዋል፣ የሳንጃ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ።

ቁጣዬን እንድገታ የላክህልኝ አሰልጣኝ ሸጋ ሰው ነው። «ስትቆጣ ከቤት ውጣ፣ ሲበርድልህ ተመለስ» ብሎኝ ነበር። ሦስት ወር እሱ ፊት እሺ ስል ከረምኩ፤ ቤቴ ግን አንድ ቀንም አልሞከርኩትም። የዛሬ ሦስት ሳምንት ልጄ ምንትዋብ ብርጭቆ ብትሰብር ጮኼባት ጠረጴዛ ስር ገባች። ለአሰልጣኙ ስነግረው፣ «እኔ ቤትህ አብሬህ አልገባም፤ በሩን ከፍተህ የምትወጣው አንተ ነህ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ባለቤቴ ብርቄ ልጅቱን ይዛ እናቷን ልትጠይቅ ጠዳ ሄዳለች። ለሁለት ቀን ነበር፤ ይኸው አሥራ አምስት ቀን ሆነ። የምንትዋብን ደብተሮችና ሹራቦች ሁሉ ወስደዋል፤ ጠዳ ይበርድ ይሆናል።

ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስልኝ። ብርቄ ከደወለችልህ ደኅና ነው በላት፤ እኔ ስደውል ኔትወርኩ እንቢ እያለኝ ነው።

ታናሽህ ነጋ፣ ከጎንደር